ጥቁርና ትልቅ ሁሉ ጥንዚዛ አይደለም

ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር፣ የእንጨት ዳስ ሥር ቡና ይዘው የተቀመጡ ሰዎች አውራ ጣት የምታክል ጥቁር በራሪ እያጓራች ስትመጣ ፊታቸውን ይሸፍናሉ። “ጥንዚዛ ናት፤ እንጨቱን የምትበላው እሷ ናት” ይባላል። ሁለቱም ስህተት ነው።

የጥንዚዛ የፊት ክንፍ ጠንክሮ ጀርባውን እንደ ቅርፊት ይሸፍናል። የዚህች ግን አራቱም ክንፎች ስስ ናቸው፤ ደረቷ ፀጉራም፣ ሆዷ የሚያብለጨልጭ ነው። አናጢ ንብ ናት። ደረቅ እንጨት በመንጋጋዋ ትቦረቡራለች እንጂ አትበላም፤ ዱቄቱን አውጥታ ትጥላለች። ጎሬው ውስጥ የአበባ ብናኝ በወለላ ለውሳ ታስቀምጣለች፣ እንቁላል ትጥልበታለች፣ በእንጨት ፍርፋሪ ትዘጋውና ቀጣዩን ክፍል ትጀምራለች። ምግቧ አበባ ላይ ነው፤ ብናኙን ከአበባ አበባ ስለምታዛውር ፓሽን ፍሩት ለተከለ ሰው ደግሞ ባለውለታው ናት።

“ፊት ለፊት ቆማ ካፈጠጠች ልትነድፍ ነው” የሚለውም ብዙ ጊዜ ፍርሃት ብቻ ነው። አየር ላይ ቆሞ የሚያፈጠው ወንዱ ነው፤ ግዛቱን ይጠብቃል። መንደፊያ የለውም፤ የንብ መንደፊያ ከእንቁላል መጣያ አካል የመጣ ስለሆነ ያላት ሴቷ ብቻ ናት። እሷም ካልጨበጧት እምብዛም አትናደፍም።

ቀለም ላይ መተማመን ግን ያሳስታል። በአንዳንድ የአፍሪካ አናጢ ንቦች ሴቷ ጥቁር፣ ወንዱ ሙሉ ቢጫ ስለሆነ ሁለት ዝርያ ይመስላሉ። ቢጫና ጥቁር ዝንጉርጉር ሆነው ንብ የሚመስሉ ዝንቦችም አሉ፤ ክንፋቸው ሁለት፣ አንቴናቸው አጭር ነው። ተርብ ወገቧ ቀጭን፣ ገላዋ ለስላሳ ነው። ንብ መሆኗን ካወቁ ብናኙን የት እንደተሸከመች ይዩ፦ የማር ንብ የኋላ እግሯ ላይ፣ የጽጌረዳ ቅጠል በክብ የምትቆርጠዋ ንብ ሆዷ ሥር።

“ንብ ሁሉ ይናደፋል” ለሚል መልሱ ጣዝማ ናት፤ ትንሽ፣ መሬት ውስጥ የምትኖር፣ መንደፍ የማትችል። ማሯ ለመድኃኒት ስለሚፈለግ ጎጆዋ ተቆፍሮ ይፈርሳል፤ ይህ ያሳዝነኛል።

እንግዳ ንብ ካዩ ከላይ፣ ከጎንና ከፊት ፎቶ ያንሱ፤ ያረፈችበትን አበባም ይጨምሩ። የበረንዳዎ እንጨት ካሳሰበዎት ደግሞ መርጨቱን ትተው ቀለም ይቀቡት፤ አናጢ ንብ የምትመርጠው ያልተቀባውን ነው።