ፈረስ መርጦ የሚገዛው ገበሬ ብስክሌትም መርጦ ይግዛ
በእንጅባራና በዳንግላ መንገድ ለሚነዳ የመጀመሪያ ብስክሌት ምን መታየት አለበት?

የአዊ ገበሬ ፈረስ እንዴት እንደሚመረጥ ከማንም መማር አያስፈልገውም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ጥር 23 ቀን በሚከበረው በዓል እንደሚታየው ሁሉ፣ ፈረስ በአካባቢው የክብርም የሥራም አጋር ነው። ፈረስ ለመግዛት ገበያ የወጣ ሰው ጥርሱን ገልጦ ዕድሜውን ያያል፤ ኮቴውን አንሥቶ ይመረምራል፤ ጥቂት አስጋልቦ አረማመዱን ይመለከታል። የኮርቻው ጌጥ የሚነሣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ይኸው ጠንቃቃ ገበሬ ለልጁ ብስክሌት ሊገዛ ሲወጣ ግን ከጌጡ እንዳይጀምር ያሠጋል። ቀለሙ ሲያብረቀርቅ፣ ማርሹ ሲበዛ፣ ዋጋውም ቀነስ ሲል ልብ ይማረካል። ከተገዛ በኋላ ግን ጎማው ሲፈነዳ ልኩ በአቅራቢያው ከተማ ካልተገኘ፣ ወይፈን ተሸጦ የተገዛው ብስክሌት ግድግዳ ተደግፎ ይቀራል። የቤተሰቡ ገንዘብ ይባክናል፤ ልጁም እንደ ቀድሞው በእግሩ ይጓዛል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው። ስለሆነም የቀበሌ ገበሬ ማኅበርና የኅብረት ሥራ ማኅበር መሪዎች ምክር ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ አስቀድሞ የታሰበበት ሊሆን ይገባል።

መንገዱን ማወቅ ይቅደም

ብስክሌት ከመምረጥ በፊት የሚነዳበትን መንገድ ማጥናት ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው አስፋልት እንጅባራን፣ አዲስ ቅዳምንና ዳንግላን አቋርጦ ያልፋል። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ስትሆን፣ ዳንግላ ወደ 2100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ይህ በሒሳብ ሲታሰብ በየ100 ሜትሩ 1 ሜትር ብቻ የሚወርድ ቀላል መንገድ ይመስላል። መንገዱ ግን በወጥ የሚወርድ አይደለም፤ ዳገቱና ቁልቁለቱ ይፈራረቃል። ከዚህም ሌላ ጠዋት ወደ ዳንግላ የወረደ ሰው ማታ ወደ እንጅባራ መውጣት አለበት። ስለዚህ ሲወርዱ ፍሬን፣ ሲወጡ ማርሽ ዋነኞቹ ጉዳዮች ይሆናሉ። ሜዳማ በሆነችው በባሕር ዳር ከተማ በአንድ ማርሽ ብቻ በቀላሉ የሚነዳ ብስክሌት በእንጅባራ ዳገት ላይ ባለቤቱን እየገፋ እንዲሄድ ሊያስገድደው ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄ ብስክሌቱ ምን ይሠራበታል የሚለው ነው። በገጠር የሚኖር ተማሪ በከተማ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቁን ከቤት እየተሸከመ መማሩ የታወቀ ነው። ቤቱ ከአስፋልቱ ብዙ ሳይርቅ፣ ከትምህርት ቤቱም 10 ወይም 15 ኪሎ ሜትር ቢርቅ በብስክሌት በየቀኑ ደርሶ ለመመለስ ይችላል። የቤት ኪራይ ይቀራል፤ ልጅቷም ሆነች ልጁ ከወላጅ ዓይን አይርቁም። የድንች ጆንያ ወይም ከሰል ለመጫን ከሆነ ግን የሚያስፈልገው ብስክሌት ሌላ ነው።

ኮርስ ወይስ ሌላ ዓይነት?

በተለምዶ ኮርስ የሚባለው ብስክሌት ቀጭን ጎማ፣ ወደ ታች የታጠፈ መሪና ቀላል አካል ያለው ነው። በአስፋልት ላይ ፈጣን ከመሆኑም በላይ የነጂውን ጉልበት ይቆጥባል። ነገር ግን ከአስፋልቱ ወደ መንደር የሚገባው መንገድ ኮረት ወይም ጭቃ ከሆነ ቀጭኑ ጎማ ይቸገራል፤ ከባድ ጭነትም አይችልም። ማውንቴን የሚባለው ሰፊ ጎማ ያለው ብስክሌት በበኩሉ ኮረቱን ይችላል፤ በአስፋልት ላይ ግን ከባድና አዝጋሚ ነው።

መካከለኛውን መንገድ መያዝ ይቻላል። ይኸውም የኮርስ አካል ያለውን፣ ነገር ግን 28 ወይም 32 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ጎማ የሚቀበለውን ብስክሌት መፈለግ ነው። በጎማውና በፍሬኑ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ሰፋ ያለ ጎማ ሊገባበት ይችላል። ክፍተቱ ከሌለ ከአስፋልት መውጣት እንደማይችል አውቆ መግዛት ነው።

አካሉን በተመለከተም አነስተኛ ገንዘብ ላለው ሰው ከብረት የተሠራው ይመረጣል። ብረት ቢሰነጠቅ በከተማው የብየዳ ባለሙያ ሊበየድ ይችላል። አሉሚኒየም ግን ልዩ የብየዳ መሣሪያ ይጠይቃል። ካርቦን የሚባለው ቀላልና ውድ ዓይነት ውስጡ የደረሰበት ጉዳት ከላይ ላይታይ ስለሚችል፣ ያገለገለ ከሆነ አለመግዛቱ ይመረጣል።

ማርሽ በቁጥር ብዛት አይለካም

ብዙ ሰው የማርሹን ብዛት ይጠይቃል። መጠየቅ ያለበት ግን ቀላሉ ማርሽ ምን ያህል ቀላል ነው የሚለው ነው። ይህንንም ጥርስ በመቁጠር ማወቅ ይቻላል። ከፊት ያለው ጥርስ 52፣ ከኋላ ያለው 13 ቢሆን ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር የኋላው ጎማ 4 ጊዜ ይዞራል። የኮርስ ጎማ ዙሪያው 2 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ያህል በመሆኑ ብስክሌቱ 8 ሜትር ከ40 ይሄዳል። ይህ ለቁልቁለትና ለሜዳ የሚሆን ነው።

ቀድሞ በተሠሩ ብዙ የኮርስ ብስክሌቶች ላይ የፊቱ ትንሹ ማርሽ 42፣ የኋላው ትልቁ 21 ጥርስ አለው። በዚህ ጊዜ አንድ የፔዳል ዙር 4 ሜትር ከ20 ያስኬዳል። ይህም ለተለማመደ ተወዳዳሪ ካልሆነ በስተቀር ለዳገት ከባድ ነው። የፊቱ 34፣ የኋላው 28 ቢሆን ግን 2 ሜትር ከ55 ገደማ ስለሚሆን ጀማሪም ቀስ እያለ ይወጣዋል። ስለዚህ ገዢው የፊቱን ትንሹን ጥርስ ለኋላው ትልቁ ጥርስ ያካፍል፤ ውጤቱ ወደ 1 በቀረበ መጠን ለእንጅባራ ዳገት የተመቸ ነው።

ፍሬኑ ሕይወት ነው

የአዊ ክረምት ዝናቡ የበዛ ነው። ፍሬኑ ቸርኬውን በጎማ ጨብጦ የሚያቆም ከሆነ የቸርኬው ማዕድን ምንነት ሕይወትን የሚመለከት ጉዳይ ይሆናል። የሚያብለጨልጭ የብረት ቸርኬ ሲረጥብ ፍሬኑ ይንሸራተታል፤ ብስክሌቱም ከታሰበው ቦታ ብዙ አልፎ ይቆማል። የአሉሚኒየም ቸርኬ በእርጥበት ጊዜ በተሻለ ሁኔታ ይይዛል። ሁለቱን ለመለየት ማግኔት ማስጠጋት ይበቃል፤ ብረቱን ይይዛል፣ አሉሚኒየሙን አይዝም።

የፊትና የኋላ ፍሬን ሁለቱም መሥራት አለባቸው። የፍሬኑ እጀታ ተጨብጦ ከመሪው ጋር የሚገናኝ ከሆነ ሽቦው ረግቧል ወይም የፍሬኑ ጎማ አልቋል። ይህ መንገድ ከባድ መኪና የሚመላለስበት ስለሆነ ፍሬኑ ያልተረጋገጠ ብስክሌት ወደ አስፋልት መውጣት የለበትም።

ልክ ያልሆነ ብስክሌት ርካሽም ቢሆን ውድ ነው

ነጂው የላይኛውን ብረት በእግሮቹ መካከል አድርጎ ሲቆም ሁለቱም እግሮቹ መሬት ረግጠው፣ በብረቱና በሰውነቱ መካከል ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ጣት ክፍተት መኖር አለበት። ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ተረከዙን በታችኛው ፔዳል ላይ ሲያሳርፍ ደግሞ እግሩ ሙሉ በሙሉ መዘርጋት ይኖርበታል። ኮርቻውን ዝቅና ከፍ በማድረግ ጥቂት ማስተካከል ይቻላል፤ የአካሉን ልክ ግን መለወጥ አይቻልም። ወደፊት ያድግበታል ተብሎ ለልጅ ትልቅ ብስክሌት መግዛት ጉልበትን ይጎዳል፤ ለመውደቅም ይዳርጋል።

ያገለገለ ብስክሌት አመራመር

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በብር ሲታሰብ መወደዱ ይታወቃል። በመሆኑም አነስተኛ ገንዘብ የያዘ ሰው ያገለገለ ብስክሌት ቢፈልግ የሚያስነውር አይደለም። ደህና ተይዞ የቆየ አሮጌ ብስክሌት በርካሽ ዕቃ ከተሠራ አዲስ ይሻላል። ነገር ግን የሚከተሉት ሊመረመሩ ይገባል።

አንደኛ፣ መሪው ከሚገባበት ቱቦ አጠገብ ቀለሙ የተሰነጠቀ ወይም ብረቱ ያበጠ ከሆነ ብስክሌቱ ከፊት ተጋጭቶ ሊሆን ስለሚችል መተው ነው። ሁለተኛ፣ ጎማውን ከመሬት አንሥቶ በማዞር ቸርኬው ወደ ግራና ቀኝ መወላገድ አለመወላገዱን ማየት፣ የላላ ወይም የተሰበረ ራጂ መኖሩንም በእጅ መፈተሽ ነው። ሦስተኛ፣ ጎማውንና የፔዳሉን ክንድ ይዞ ወደ ጎን ማወዛወዝ ነው፤ ከተንቀጫቀጨ ኩሽኔታው ላልቷል ወይም አልቋል።

አራተኛ፣ ካቴናውን በማስመሪያ መለካት ነው። አዲስ ካቴና ከአንዱ ችንካር እስከ 25ኛው ችንካር 30 ሳንቲ ሜትር ከ5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ይኸው ርዝመት 30 ሳንቲ ሜትር ከ8 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ካቴናው ተስቧል፤ የማርሹንም ጥርስ በልቶት ሊሆን ይችላል። አምስተኛ፣ ኮርቻው ከፍና ዝቅ ማለቱን መሞከር ነው፤ በዝገት ከተጣበቀ ልኩን ማስተካከል አይቻልም። በመጨረሻም ሁሉንም ማርሽ እየቀያየሩ መንዳት ያስፈልጋል።

ሻጩ ማን እንደሆነ ሳይታወቅ መግዛትም አይገባም። የተሰረቀ ዕቃ መግዛት በሕግ ያስጠይቃል። ስለዚህ ደረሰኝ ቢኖር ደረሰኙን፣ ከሌለ ደግሞ የሻጩን መታወቂያ አይቶ፣ በአካሉ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ጽፎ፣ ምስክር ባለበት መፈራረም ይገባል።

ገንዘቡን ሁሉ ለብስክሌቱ አለማዋል

በእጅ ያለው ገንዘብ ሁሉ ለብስክሌቱ ከተከፈለ ብስክሌቱ በመጀመሪያው እሾህ ይቆማል። ከእያንዳንዱ 100 ብር 80ውን ለብስክሌቱ፣ 20ውን ለተጓዳኙ ዕቃ መመደብ ጥሩ መነሻ ነው። ተጓዳኙ ዕቃ ሁለት ትርፍ ካላማዳሪያ፣ መለጠፊያና ማጣበቂያ፣ መንፊያ፣ ቁልፍ፣ የካቴና ዘይት፣ የራስ መከላከያ ቆብና ከኋላ የሚበራ ቀይ መብራት ነው። ገንዘቡ ካልበቃ በእቁብ ጥቂት ወራት ማጠራቀም በወለድ ተበድሮ ከመቸኮል ይሻላል።

የመሪዎቹ ድርሻ

አንድ ሰው ብቻውን ሲገዛ የመለዋወጫ ችግሩን ብቻውን ይሸከማል። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ይህን ያሳያል፤ 622 የተባለው ጎማ 559 በተባለው ቸርኬ ላይ ፈጽሞ አይገባም። በአንድ ቀበሌ አሥር ሰው አሥር ዓይነት ልክ ቢገዛ አንዱ ሌላውን መርዳት አይችልም። አሥሩም አንድ ልክ ቢይዙ ግን የአንዱ ትርፍ ካላማዳሪያ ለሌላው ይሆናል፤ ጎማም በጅምላ ማስመጣት ይቻላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለዚህ ነው።

በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ይኸው ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 የተቋቋመው ወርልድ ባይሲክል ሪሊፍ እንደ ዛምቢያና ማላዊ ባሉ አገሮች ለገጠር ተማሪዎችና ለጤና ሠራተኞች በፋሎ የተባለውን ጠንካራ ብስክሌት ሲያቀርብ፣ የሚጠግኑትን የመንደር ባለሙያዎችም ጨምሮ አሠልጥኗል። ብስክሌት ያለ ጠጋኝ ብዙ እንደማይቆይ በመታወቁ ነው።

ብስክሌት ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። አገሪቱ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ገረመው ደንቦባን የመሳሰሉ ብስክሌተኞች ከሯጮቹ ጋር ተሰልፈው ነበር። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ፅጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ከአዊ ልጆች መካከልም ወደ ትምህርት ቤት ሲመላለስ እግሩ የጠነከረ ተወዳዳሪ ቢወጣ የሚያስገርም አይሆንም።

ለዚህም የቀበሌና የኅብረት ሥራ ማኅበር መሪዎች ሊያደርጉት የሚችሉት ሥራ ብዙ ወጪ የለውም። መጀመሪያ ወደ እንጅባራና ወደ ዳንግላ ጠጋኞች ሄደው የትኛው የጎማ ልክ ዘወትር እንደሚገኝ፣ የትኛው ማርሽና ፍሬን እንደሚጠገን ይጠይቁ። ያገኙትንም በስብሰባ ላይ ለአባሎቻቸው ይንገሩ። ከዚያም እጁ ለሥራ የቀለለ አንድ ወጣት መርጠው ከጠጋኝ ዘንድ እንዲለማመድ ያድርጉ፤ አንድ የመፍቻ ስብስብም በጋራ ይግዙ። ይህ ከተደረገ በኋላ የሚገዛው የመጀመሪያ ብስክሌት ዓመት ከዓመት ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርስ ይሆናል።