«ሜርሉዛ» ምን ዓይነት ዓሣ ነው?

የዛሬዋ ቃል ከፍሪዘር የወጣች ናት፦ «ሜርሉዛ»። እዚህ ሐደራ ሱፐር ገብታችሁ የዓሣ ፌስታሎቹን ብታገላብጡ አንዳንዱ ላይ ታገኟታላችሁ። ሰው ግን በአፉ ብዙም አይጠራትም። አብዛኛው ሰው «ባካላ» ይላል።

ለምን መረጥኳት? አንዲት እናት ፌስታሉን ይዘው ልጃቸውን «ይሄ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁ ሰማሁ። ልጁ «ዓሣ ነው፣ እማዬ» አላቸው። እሳቸውም መልሰው አስቀመጡት። ዓሣ መሆኑንማ ሥዕሉ ይነግራቸዋል! የጠየቁት ሌላ ነገር ነው፦ ቅርፊት አለው ወይ? ይበላል ወይ?

እሺ፣ ወደ ቃሉ እንግባ። ሜርሉዛ ስፓኒሽ ነው። እንግሊዞች «ሄክ» የሚሉት የባሕር ዓሣ ነው፤ ረዘም ያለ፣ አፈ ሰፊ፣ ጥርሰ ስል፣ ሥጋው ነጭ። ቀን ወደ ታች ይወርድና ማታ ማታ ለአደን ወደ ላይ ይወጣል። የሳይንስ ስሙ «ሜርሉክሲየስ» ነው። ይህ ስም ከሁለት የላቲን ቃላት እንደተሠራ ይነገራል፤ አንዱ ባሕር፣ ሌላው «ሉሲየስ» የሚባል አዳኝ የወንዝ ዓሣ። «የባሕሩ ሉሲየስ» እንደማለት ነው። አንዱ ዝርያ እዚሁ ሜዲትራኒያን ውስጥ አለ፣ ሌላው በአርጀንቲና ጠረፍ በብዛት ይጠመዳል።

አነጋገሩም ደስ ይላል። ማድሪድ ውስጥ «ዛ»ዋን ምላሳቸውን በጥርሳቸው መሀል አድርገው ነው የሚሏት፣ አርጀንቲናዎች ደግሞ «ሜርሉሳ» ይላሉ። እኛ «ዛ» የምንለው ዕብራይስጡ በ«ዛይን» ስለሚጽፋት ነው። በዕብራይስጥ እንደ ሴት ትቆጠራለች፤ አማርኛችን ውስጥ ስትገባ ግን እንደ «ዓሣው» ወንድ ትሆናለች፦ «ሜርሉዛው ቀለጠ ወይ?» እንላለን።

አሁን ግራ የሚያጋባው ክፍል። «ባካላ»ም ዘመዱ እዚያው ነው። ስፓኞች «ባካላኦ»፣ ጣልያኖች «ባካላ» ይላሉ። ግን ስፔን ውስጥ ባካላኦና ሜርሉዛ ሁለት የተለያዩ ዓሣዎች ናቸው። ባካላኦ በቀዝቃዛው ሰሜን አትላንቲክ የሚኖረው፣ እንግሊዞች «ኮድ» የሚሉት ነው፤ ድሮ በጨው ደርቆ ከአገር አገር ይሄድ ነበር። እዚህ እስራኤል ግን «ባካላ» ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ሜርሉዛ ነው። ስለዚህ ሁለት ፌስታል፣ ሁለት ስም፣ ውስጡ ግን አንድ ዓሣ ሊሆን ይችላል። ዋጋቸው ከተለያየ ከኋላ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ።

በነገራችን ላይ ስፔን ውስጥ «ሜርሉዛ ያዘ» ማለት «ሰከረ» ማለት ነው። «ባካላኦውን የሚቆርጠው» ደግሞ አለቃው ነው።

በአማርኛስ ምን እንበለው? የጣና ዳር ሰዎች ዓሣን በየስሙ ያውቃሉ፦ ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ቢልጫ። ቆሮሶ እዚህ «አምኖን» የሚባለው ዘመድ አለው፣ እሱ ይቀላል። ሜርሉዛ ግን የባሕር ዓሣ ስለሆነ የአማርኛ ስም የለውም። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ረጅም ስለሆነ ብቻ «እንደ አምባዛ ነው» እንዳትሉ! አምባዛ ቅርፊት የለውም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ደግሞ የሚበላው ክንፍና ቅርፊት ያለው ነው። «አምባዛ» ካላችኋቸው ኦሪቱን የሚያውቁ እናት አይነኩትም፤ ቢበሉትም ቅር እያላቸው ነው። ሜርሉዛ ግን ክንፍም ቅርፊትም አለው፣ ካሸር ነው። ቅርፊቱ ትናንሽ ነው። ቆዳው ተገፎ ከተሸጠ ደግሞ ጭራሽ አይታይም፤ ያኔ በፌስታሉ ላይ ያለውን የካሸር ማኅተም አሳዩአቸው።

ስለዚህ እናታችሁ ወይም አያታችሁ ሲጠይቁ «ዓሣ ነው» ብላችሁ አትለፉ። እንዲህ በሏቸው፦ «የባሕር ዓሣ ነው፣ ሥጋው ነጭ ነው፣ ክንፍና ቅርፊት አለው፣ ማኅተሙም ይኸው።» አራት ነገር ነው፣ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። እዚህ አገር ለወላጆቻችን የምናስተረጉም ልጆች ብዙ ጊዜ ስሙን ብቻ እንወረውራለን። እነሱ ግን የሚፈልጉት ለመወሰን የሚበቃቸውን ነው። ከተነገራቸው በኋላ ይግዙት አይግዙት የራሳቸው ጉዳይ ነው።

ለወጥ ካሰባችሁት ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ሥጋው ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይፈርሳል። በደንብ ይቅለጥ፣ ውኃው ይጠረግ፣ ቁሌቱ ከበሰለ በኋላ መጨረሻ ላይ ይግባ፣ በማማሰያም አይታመስ። ድስቱን ይዞ ወዝወዝ ማድረግ ይበቃል።

እናንተ ቤት ያልተፈታ የፌስታል ስም ካለ ላኩልኝ። መልካም ሰንበት!