የሠራተኛ ፋይል አማና ነው

አንዲት እህት አርባ ምንጭ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት ተቀጥራ ትሠራለች እንበል። ታማ የሐኪም ማስረጃ ለሠራተኛ አስተዳደር ታስገባለች። በሳምንቱ ግን ሕመሟ የሻይ ሰዓት ወሬ ሆኖ ይጠብቃታል። ወሬው ከሲቀላ ተነስቶ ሴቻ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። እህታችን ምን ታድርግ?

ብዙዎቻችን «ለአላህ ሰጥቻለሁ» ብለን ዝም እንላለን። ሰብር መልካም ነው። መብትን በአግባቡ መጠየቅ ግን ከሰብር ጋር አይጣላም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ሰብዓዊ ክብር እንዲጠብቅ ያዛል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መረጃዎች ይመድበዋል።

እንግዲህ የመጀመሪያው እርምጃ ማስረጃ መያዝ ነው። ማን፣ መቼ፣ ለማን እንደተናገረ፣ እነማን እንደሰሙ ይጻፍ። ቀጥሎ ለድርጅቱ በጽሑፍ አቤቱታ ይቅረብ፤ ቅጂው ላይ የተቀባዩ ፊርማና ቀን ይኑርበት። ድርጅቱ ካላስተካከለ በ2016ቱ አዋጅ መሠረት ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማመልከት ይቻላል።

ካሣ የሚጠይቅ ሰው ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ ሰው ኪሣራውን እንዲክፍል ያዛል። ክሱ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ልብ በሉ! ይኸው ሕግ የሕሊና ጉዳት ካሣን ከ1,000 ብር አያሳልፍም። ስለዚህ የቀረ ደመወዝ፣ የሕክምና ወጪና ሌላ የገንዘብ ጉዳት ካለ ሰነዱ በጥንቃቄ ይቀመጥ።

ምስጢሩን ያወጣው ሐኪም ወይም ነርስ ከሆነ ነገሩ ወንጀልም ሊሆን ስለሚችል ለፖሊስ ማመልከት ይቻላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢርን ማውጣት ይቀጣል።

ክብሯ ተነክቶ በሥራው መቆየት ያልቻለች እህት ያለ ማስጠንቀቂያ ልትለቅ ትችላለች። ይህ መብት ግን ድርጊቱ ከተፈጸመ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀሙበት ይቀራል። በንዴት ከመውጣት በፊት ሕግ አዋቂ ማማከር ይበጃል።

በመጨረሻም ለአሠሪዎችና ፋይል ለምትይዙ ወንድሞችና እህቶች አንድ ቃል። ያ ካቢኔት የታጨቀው በወረቀት ብቻ አይደለም፤ የሰው ገመና አለበት። ቁልፉን የያዘ አማናውን ይጠብቅ።