የአየር ጥማት፦ ድርቅና ጎርፍ ከአንድ ምንጭ

እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ በቦረና፣ በሶማሌ ክልል፣ በሰሜን ኬንያና በሶማሊያ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ከብቶች፣ በጎችና ፍየሎችም አለቁ። በ2023 የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ደግሞ ያው ምድር በጎርፍ ተጥለቀለቀ። ለመሆኑ የዓለም ሙቀት መጨመር ድርቅንም ጎርፍንም እንዴት ሊያባብስ ይችላል? ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚነሣው በጥርጣሬ መንፈስ ስለሆነ መልሱን ከመሠረቱ እንጀምራለን።

በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢበዛ 17 ግራም ያህል የውሃ ተን ይሸከማል። ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲደርስ ግን መጠኑ ወደ 30 ግራም ከፍ ይላል። (“ይሸከማል” ማለታችን ለአነጋገር ያህል ነው፤ አየር ውሃ የሚቋጥር ከረጢት አይደለም፤ የተኑን ጣሪያ የሚወስነው የሙቀቱ ልክ ነው።) ክላፔሮንና ክላውዝዩስ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መሠረቱን በጣሉት ሕግ መሠረት፣ ሙቀት በ1 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ይህ ጣሪያ ከ6 እስከ 7 በመቶ ያድጋል።

ስለ ድርቅ ስንነጋገር ዓይናችን ሁልጊዜ ወደ ሰማይ ነው፤ ዝናብ መጣ፣ ዝናብ ቀረ እንላለን። ይህ ግን የሂሳቡ ገቢ ብቻ ነው። ወጪው ትነት ነው፤ የሞቀና ያልጠገበ አየር ከአፈሩ፣ ከቅጠሉና ከኩሬው እርጥበትን አብዝቶ ይመጥጣል። በመሆኑም የዘነበው መጠን ከቀድሞው ባያንስ እንኳ መሬቱ ፈጥኖ ሊደርቅ ይችላል። ወርልድ ዌዘር አትሪቢዩሽን የተሰኘው የተመራማሪዎች ስብስብ በ2023 ይህንኑ በአፍሪካ ቀንድ መርምሮ ነበር። ለዝናቡ መጥፋት ለሦስት ተከታታይ ዓመታት የዘለቀው ላ ኒኛ ድርሻ ነበረው። ይሁን እንጂ ዓለም በ1.2 ዲግሪ ቀዝቅዛ ቢሆን ኖሮ፣ ያ የዝናብ እጥረትና የዚያን ጊዜው ትነት ተደምረው ድርቅ እስከ መባል ባልደረሱም ነበር። የሰው ልጅ ያስከተለው ሙቀት የድርቁን የመከሰት ዕድል ቢያንስ 100 ጊዜ እንዳሳደገው ተመራማሪዎቹ ገምተዋል። እኛን እጅግ ያስደነቀን ግን ከአሃዙ ይልቅ የጥፋቱ መንገድ ነው፤ ትነት ድምፅ የለውም።

የተነነው ውሃ ግን ጠፍቶ አይቀርም። አየሩ ወደ ላይ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ተኑ ወደ ጠብታ ይለወጣል፤ በዚያው ቅጽበት የሚለቀቀው ሙቀት አየሩን ይበልጥ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ደመናውም ከዙሪያው ተጨማሪ ተን ይስባል። ስለዚህ በሞቃት ዓለም ዝናብ ሲመጣ በኃይል ይመጣል። በ2023ቱ ጎርፍ ኤል ኒኞና የምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ መሞቅ ተገናኝተው ነበር፤ በእነርሱ ላይ የአየር ንብረት ለውጡ የዝናቡን ብርታት እስከ ሁለት እጥፍ እንዳሳደገው ያው ስብስብ ገልጿል። የሚቀበለው መሬት ደግሞ ሣሩ ያለቀ፣ በኮቴና በፀሐይ የጠጠረ ነበርና ውሃው ሳይሰርግ በላዩ ላይ ሮጠ።

ደረቅ ወንዝ ምን ያህል አታላይ እንደሆነ ድሬዳዋ ታውቃለች። አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ የሚታይበት ደቻቱ፣ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በደጋው ላይ የዘነበውን ይዞ በሌሊት ደርሶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። የተራቆተ ተፋሰስ በዚያ አደጋ የነበረውን ድርሻ መዘንጋት አይገባም።

በአንደኛ ደረጃ የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያዎች ከዝናብ መለኪያው አጠገብ ክብ የብረት ገንዳ ይገኛል፤ ስፋቱ 120 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ባለሙያው በየዕለቱ ከገንዳው በትነት የጎደለውን ውሃ ለክቶ ይመዘግባል። የዝናቡን አሃዝ በዜና እንሰማለን፤ የገንዳውን ግን እምብዛም አንሰማም። አርብቶ አደሩ ከብቱን ሳይከሳ መሸጥ የሚችልባቸው ሳምንታት ጥቂት ናቸው፤ ሁለቱ አሃዞች ጎን ለጎን ቢነገሩት እነዚያን ሳምንታት ሊጠቀምባቸው ይችላል።