ከአምቡላንስ ቀድመው የሚደርሱ፦ የድንገተኛ ጥሪ ተቀባዮች ሥራ

የድንገተኛ ጥሪ ተቀባይ አደጋ የደረሰበት ወይም አደጋ ያየ ሰው ሲደውል ስልኩን የሚያነሳ፣ የት ምን እንደደረሰ የሚያጣራ፣ አምቡላንስ፣ የእሳት አደጋ መኪና ወይም ፖሊስ እንዲንቀሳቀስ የሚያደርግ ባለሙያ ነው። ሥራው ሁለት ክፍል አለው። ጥሪ ተቀባዩ ከደዋዩ ጋር ይነጋገራል፤ ስምሪት ሰጪው ደግሞ የተመዘገበውን መረጃ በኮምፒዩተር እያየ ለቦታው የሚቀርበውን ቡድን በሬዲዮ ያሰማራል። በትልልቅ ከተሞች ሁለቱን የሚሠሩት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ በትንንሽ ከተሞች ግን አንድ ተረኛ ሁለቱንም ይዞ ያድራል። ይህ ባለሙያ የታመመውን አይነካም፣ እሳቱንም አያይም። ሆኖም እርዳታ የሚጀምረው ስልኩን ባነሳበት ቅጽበት ነው። ሙያው በብዙ አገር ይህን የሚመጥን ቦታ እስካሁን አልተሰጠውም።

አንድ ቁጥር እስኪገኝ

ስልክ በየቤቱ ከገባ በኋላም ደዋዩ መጀመሪያ የሚያገኘው የስልክ ማዞሪያ ኦፕሬተርን ነበር። ኦፕሬተሯም ከሚጠብቁት ጥሪዎች የትኛው የሞት የሽረት እንደሆነ የምትለይበት መንገድ አልነበራትም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1935 ለንደን ውስጥ ዊምፖል ስትሪት ላይ አንድ ቤት ተቃጥሎ አምስት ሴቶች ሞቱ። እሳቱን ያየ ጎረቤት ወደ ማዞሪያው ደውሎ ወረፋ ሲጠብቅ ቆይቶ ነበርና ቁጣውን ለዘ ታይምስ ጋዜጣ ጻፈ። መንግሥት ጉዳዩን አስመረመረ፤ ጁን 30 ቀን 1937 በለንደን 999 ሥራ ጀመረ። በዚህ ቁጥር ሲደወል በማዞሪያው ክፍል ቀይ መብራት ይበራና ጥሩምባ ይጮኻል፤ ኦፕሬተሯ ሌላውን ጥሪ ሁሉ ትታ ይህን ታነሳለች።

አሜሪካ እዚህ ደረጃ ለመድረስ ሦስት ዐሥርት ዓመታት ፈጅቶባታል። በ1967 የወንጀልንና የሕግ ማስከበርን ጉዳይ ያጠናው የፕሬዚዳንቱ ኮሚሽን አንድ ወጥ የፖሊስ መጥሪያ ቁጥር እንዲኖር መከረ። የመጀመሪያው የ911 ጥሪ የተደረገው ፌብሯሪ 16 ቀን 1968 ሄሊቪል በምትባል የአላባማ ትንሽ ከተማ ነው። በአውሮፓ 112 የጋራ ቁጥር እንዲሆን የተወሰነው በ1991 ነው።

ቁጥር መኖሩ ብቻውን በቂ አይደለም። በ2013 ቴክሳስ ውስጥ በአንድ የሆቴል ክፍል እናቷ ስትጠቃ ያየች የዘጠኝ ዓመት ልጅ 911 አራት ጊዜ ደውላ አልገባላትም። የሆቴሉ ስልክ ወደ ውጭ መስመር የሚያወጣው መጀመሪያ ሌላ 9 ሲጫን ብቻ ነበር፤ ልጅቱ ያንን የምታውቅበት ምክንያት አልነበራትም። እናቲቱ ሞተች። በ2018 የወጣውና በስሟ «የካሪ ሕግ» የተባለው የፌዴራል ሕግ አዳዲስ የሆቴልና የቢሮ ስልኮች ያለ ምንም ተጨማሪ ቁጥር በቀጥታ ወደ 911 እንዲያስደውሉ አስገደደ።

በኢትዮጵያ መስመሮቹ የተለያዩ ናቸው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የእሳትና አደጋ አገልግሎት በአዲስ አበባ በ939፣ ፖሊስ በ991 ይጠራሉ። መከፋፈሉ ዋጋ ያስከፍላል። ተሽከርካሪ ተገልብጦ ነዳጅ ሲፈስ ያየ ሰው ሦስቱንም ይፈልጋል፤ ሦስቱን ቁጥሮች በቃሉ የያዘ ግን ብዙ አይደለም።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ የት ነው?

የሠለጠነ ጥሪ ተቀባይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ቦታውን ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መስመሩ ቢቋረጥ ወይም ደዋዩ ራሱን ቢስት ቦታው ከታወቀ ሰው መላክ ይቻላል። ምን እንደደረሰ ታውቆ ቦታው ካልታወቀ ግን ማንም የትም አይደርስም። ቀጥሎ የሚጠየቀው መልሶ መደወያ ቁጥር ነው፤ ከዚያ በኋላ ምን ሆነ፣ ስንት ሰው ተጎዳ፣ አደጋው አሁንም አለ ወይ የሚሉት ይከተላሉ።

የቤት ስልክ በነበረበት ዘመን የአሜሪካ ማዕከላት የደዋዩን አድራሻ ስክሪናቸው ላይ ያገኙ ነበር። ሞባይል ሲመጣ ይህ ተናጋ። የሞባይል ጥሪ የሚደርሰው በአቅራቢያው ባለው አንቴና በኩል ስለሆነ፣ በሁለት አውራጃዎች ድንበር ላይ የቆመ ደዋይ ጎረቤት ከተማ ያለ ማዕከል ሊያነሳው ይችላል፤ ጥሪው ሲዛወር ደግሞ ደቂቃ ይባክናል። የፌዴራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ1996 የሞባይል ኩባንያዎች የደዋዩን ቦታ እንዲያሳውቁ ማስገደድ ጀመረ። በ2015 ደግሞ ከ100 የሞባይል ጥሪ የ80ው ቦታ በ50 ሜትር ክልል ውስጥ እንዲታወቅ በየደረጃው የሚያድግ ግዴታ ጣለ። ኀምሳ ሜትር በገጠር መንገድ ላይ በቂ ነው። ባለ ብዙ ፎቅ አፓርታማ ውስጥ ግን ሕንፃው ታውቆ ፎቁና በሩ ላይታወቅ ይችላል። ስለዚህ ቴክኖሎጂው የቱንም ያህል ቢሻሻል «የት ነው?» የሚለው ጥያቄ አልቀረም።

በአዲስ አበባ ይህ ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል። አብዛኛው ነዋሪ ቦታ የሚያመለክተው በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ፣ በገበያ፣ በታወቀ ሆቴል ወይም በታክሲ መያዣ ነው። «ከመድኃኔዓለም ወረድ ብሎ» ለዘመድ ይበቃል፤ ለአምቡላንስ ሹፌር ግን አይበቃም። የተካነ ጥሪ ተቀባይ እዚህ ላይ ጥያቄውን ይሰነጥቀዋል። ከዋናው አስፋልት በስተግራ ነው በስተቀኝ? ስንተኛው ቅያስ ነው? የበሩ ቀለም ምንድን ነው? ኮንዶሚኒየም ከሆነ የሳይቱ ስም፣ የብሎኩ ቁጥርና ፎቁ ይጠየቃል፤ አንድ ሰው መንገድ ዳር ወጥቶ መኪናውን እንዲቀበልም ይነገራል። አካባቢውን በእግሩ የሚያውቅ ሠራተኛ በዚህ ሥራ ምትክ የለውም። የመንገዱ ስፋት ራሱ መረጃ ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የመርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል የአካባቢው ጥበትና መጨናነቅ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ሥራ አክብዶታል። በየትኛው በኩል መግባት እንደሚቻል አስቀድሞ የተነገረው ሹፌር ብዙ ደቂቃ ያተርፋል።

በስልክ የሚሰጥ ሕክምና

እስከ 1970ዎቹ ድረስ ጥሪ ተቀባይ አድራሻ ጽፎ መኪና ከላከ ሥራው እንዳለቀ ይቆጠር ነበር። በዚያው ዐሥርት መጨረሻ በሶልት ሌክ ሲቲ ይሠራ የነበረው ሐኪም ጄፍ ክላውሰን ለእያንዳንዱ የሕመም ዓይነት የሚጠየቁ ጥያቄዎችንና ለደዋዩ የሚሰጡ መመሪያዎችን በካርድ አዘጋጀ። ዛሬ ካርዱ በአብዛኛው ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቷል፤ አሠራሩም በብዙ አገር ተስፋፍቷል።

የዚህ አሠራር ትልቁ ፍሬ የሚታየው ልብ በድንገት ሲቆም ነው። አንድ ሰው ወድቆ ቤተሰቡ ሲደውል ጥሪ ተቀባዩ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ይሰማል ወይ? እንደወትሮው ይተነፍሳል ወይ? የሁለቱም መልስ «አይ» ከሆነ ሌላ ጥያቄ አይጠበቅም። አስቸጋሪው ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ልቡ የቆመ ሰው ለጥቂት ደቂቃ አልፎ አልፎ ሊያንኮራፋ ወይም አየር ሊስብ ይችላል፤ ቤተሰቡም «ይተነፍሳል» ብሎ ይመልሳል። ልምድ ያለው ጥሪ ተቀባይ ደዋዩ በእያንዳንዱ ትንፋሽ «አሁን» እንዲል አድርጎ መካከሉ የቱን ያህል እንደሚራራቅ ይሰማል።

ከዚያ መመሪያው ይቀጥላል። ሰውየው ወለሉ ላይ በጀርባው ይተኛል። ደዋዩ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ ጎኑ ይንበረከካል፤ የአንድ እጁን መዳፍ ደረቱ መሃል፣ ሌላውን በላዩ ያደርጋል። ቢያንስ አምስት ሴንቲ ሜትር እስኪሰምጥ ድረስ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫናል። ጥሪ ተቀባዩ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» እያለ ፍጥነቱን ይመራል፤ ደዋዩ ሲደክመው ሌላ ሰው እንዲተካው ያዛል፤ የአምቡላንሱ ሰዎች በር እስኪያንኳኩ ድረስ መስመሩን አይለቅም። ልቡ የቆመ ሰው ደረቱ ሳይጫንና የልብ ማስነሻ መሣሪያ ሳያገኝ የሚያልፈው እያንዳንዱ ደቂቃ በሕይወት የመትረፍ ዕድሉን ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሰዋል። አምቡላንስ በዘጠነኛው ደቂቃ ቢደርስ ያ ሰው የሚተርፈው በአብዛኛው እስከዚያ ድረስ ደረቱን የተጫነለት ካለ ነው።

ቋንቋ

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ከኢትዮጵያ ውጭ እጅግ ብዙ አማርኛ ተናጋሪዎች ከሚኖሩባቸው ስፍራዎች አንዷ ናት። ከተማዋ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት ከሚሰጡባቸው ቋንቋዎች አማርኛ አንዱ ነው። በአሜሪካ የ911 ማዕከላት ቋንቋው የማይገባቸው ደዋይ ሲገጥማቸው አስተርጓሚ በሦስተኛ መስመር ያስገባሉ። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ እያንዳንዱ ጥያቄና መልስ ሁለት ጊዜ ይነገራልና። በድንጋጤ ውስጥ ያለ ሰው የሚችለው እንግሊዝኛ እንኳ ሊጠፋበት ስለሚችል፣ አረጋውያን ወላጆች አድራሻቸውን በእንግሊዝኛ እንዲናገሩና የቋንቋቸውን ስም «አምሃሪክ» ብለው እንዲጠሩ ማስለመድ የማንኛውም ቤተሰብ ኃላፊነት ነው። ቁጥሩን በስህተት የደወለ ሰውም መዝጋት የለበትም፤ ስህተት መሆኑን ቢናገር ይሻላል። ከዘጋው ማዕከሉ መልሶ ለመደወል፣ አንዳንዴም ሰው ለመላክ ይገደዳል።

ስምሪትና የሠራተኛው ሸክም

በሌላው ወንበር ያለው ስምሪት ሰጪ የትኛው አምቡላንስ ነፃ እንደሆነ፣ የትኛው ሆስፒታል በር ላይ እንደቆመ ይከታተላል። ሁለት ጥሪ መጥቶ አንድ መኪና ብቻ ሲኖር ምርጫው የእሱ ነው፤ እግሩ የተሰበረ እያቃሰተ ይጠብቃል፣ መተንፈስ ያቃተው ይቀድማል። ለተሰማራው ቡድንም ዓይን ሆኖ ይሠራል። ጠበኛው እዚያው ነው ወይ? መሣሪያ ይዟል ወይ? የወደቀው የኤሌክትሪክ ሽቦ ኃይል አለው ወይ? ይህ ሳይጣራ የተላከ ረጂ ራሱ ሊጎዳ ይችላል።

ሸክሙ ከባድ ነው። ፈረቃው ረጅም ነው፤ ሠራተኛ ሲጎድል ትርፍ ሰዓት ግዴታ ይሆናል። አንዱ ጥሪ እንዳበቃ ሌላው ይከተላልና ለመተንፈስ ጊዜ የለም። የጥሪውን መጨረሻ አለማወቅም ራሱን የቻለ ቁስል ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኛው ሕፃኑ መውጣቱን በዓይኑ ያያል፤ ጥሪ ተቀባዩ የእናቲቱን ጩኸት ሰምቶ መስመሩ ይዘጋበታል። በአሜሪካ በእነዚህ ሠራተኞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ ቦታው ላይ ሳይገኙም በከባድ ጥሪዎች ምክንያት የድኅረ አደጋ ጭንቀት ሕመም እንደሚይዛቸው አሳይተዋል።

ይህም ሆኖ የአሜሪካ የፌዴራል የሙያ ምደባ በ2018 ሲታደስ እንኳ ሠራተኞቹን ያስቀመጣቸው በቢሮና አስተዳደር ድጋፍ ሥራ ሥር ነው፤ ፖሊሱና የእሳት አደጋ ሠራተኛው ግን በጥበቃ አገልግሎት ሥር ናቸው። ምደባውን ለማስለወጥ ለኮንግረስ በተደጋጋሚ ረቂቅ ቀርቧል። ቴክሳስ በ2019፣ ካሊፎርኒያ በ2020 በራሳቸው ሕግ ከመጀመሪያ ደራሾች ቆጥረዋቸዋል። የምደባው ጉዳይ የክብር ብቻ አይደለም፤ ጡረታ፣ የሥነ ልቦና ሕክምና ሽፋንና ሥልጠና ላይ የሚደረገው ክርክር ከእሱ ይነሳል።

አምቡላንስ መግዛት ይታያል፣ ይመረቃል፣ ፎቶ ይነሳል። ጥሪ የሚያነሳውን ሰው ማሠልጠን፣ በቂ ደመወዝ መክፈልና ከከባድ ጥሪ በኋላ ማሳረፍ እንዲህ አይታይም። ነገር ግን ስልኩ ካልተነሳ ወይም አድራሻው በትክክል ካልተያዘ ውዱ መኪና ቆሞ ይቀራል። ኢትዮጵያን ጨምሮ የድንገተኛ ሕክምና አገልግሎታቸውን በመገንባት ላይ ያሉ አገሮች በጀታቸውን ሲደለድሉ የጥሪ ማዕከሉን ከመኪናው እኩል ማስቀደም አለባቸው።