በባቡር የተላኩ ቤቶች

በሰሜን አሜሪካ የቤት እንጨትን በፋብሪካ ቆርጦ በትዕዛዝ የመላክ ንግድ የተስፋፋው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ነው። ከንግዱ ዋና ማዕከላት አንዷ በሚሺጋን ግዛት፣ በሳጊኖ ወንዝ ዳር የምትገኘው ቤይ ሲቲ ነበረች። ከተማዋ ከአካባቢው የጥድ ደኖች በወንዝ የሚወርደውን ግንድ በሚሰነጥቁ ፋብሪካዎች ያደገች በመሆኗ፣ መጋዙም ሠራተኛውም የባቡር ሐዲዱም ቀድመው ተሟልተውላት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1906 ዊሊያም እና ኦቶ ሶቨሪን የተባሉ ወንድማማቾች በዚህችው ከተማ አላዲን ኩባንያን መሠረቱ። ለሥራቸው አርአያ የሆናቸው፣ የጀልባ ክፍሎችን ቆርጦ ገዢው ራሱ እንዲገጣጥማቸው የሚሸጥ የከተማው ድርጅት ነው። ለአላዲን እንጨት ያዘጋጅ የነበረው ሉዊስ የተባለ ፋብሪካም ቆየት ብሎ የራሱን ቤቶች መሸጥ ጀመረ።

በተለመደው አሠራር አናጢው ረጃጅም ጣውላ ተቀብሎ እያንዳንዱን ክፍል በግንባታው ቦታ ይለካል፣ በእጅ መጋዝም ይቆርጣል። ጊዜውም ቁርጥራጩም በከንቱ ይባክናል። በፋብሪካው ግን የቤቱ ፕላን አስቀድሞ ከጣውላው ርዝመት ጋር ይጣጣማል፤ እንጨቱ በማሽን ከተቆረጠ በኋላ ምልክት ይደረግበትና ከበር፣ ከመስኮት፣ ከምስማርና ከቀለም ጋር በባቡር ፉርጎ ይጫናል። ገዢው ወይም የቀጠረው አናጢ ምልክቱንና ፕላኑን ተከትሎ ይገጣጥመዋል። መሬቱ፣ መሠረቱና የግንብ ሥራው ግን የገዢው ድርሻ ነበሩ።

ቤትን ሳያዩ በካታሎግ መግዛት መተማመንን ይጠይቃል። አላዲን የገዢውን ስጋት ለማስወገድ፣ በላከው የዝግባ ግድግዳ ጣውላ ላይ ለሚገኝ ለእያንዳንዱ የቅርንጫፍ ጠባሳ አንድ ዶላር እንደሚከፍል በማስታወቂያ ቃል ገባ። የኩባንያው ቤቶች ባሕር ማዶም ተሻግረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1917 የእንግሊዙ ኦስቲን የመኪና ፋብሪካ 200 ያህሉን አስመጥቶ በበርሚንግሃም አቅራቢያ ለሠራተኞቹ መንደር ሠራባቸው።

በዕቃ ሽያጭ የታወቀው ሲርስ እ.ኤ.አ. በ1908 የመጀመሪያውን የቤት ካታሎግ አውጥቶ፣ ቆየት ብሎም የራሱን የእንጨት ፋብሪካዎች ይዞ፣ እስከ 1940 ድረስ 70,000 ያህል ቤቶች እንደሸጠ ይገመታል። ለገዢዎች ብድር መስጠቱ ሽያጩን ቢያሳድግም፣ በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ብዙዎች ዕዳቸውን መክፈል አቅቷቸው ቤታቸውን አጡ፤ ኩባንያውም ካልተመለሰ ብድር ጋር ተፋጠጠ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መንደሮችን በአንድ ጊዜ የሚገነቡ ተቋራጮች ገበያውን ያዙት። አላዲን እስከ እ.ኤ.አ. 1980ዎቹ መጀመሪያ ቢዘልቅም፣ ቤትን በካታሎግ የመሸጡ ዘመን ያን ጊዜ አክትሞ ነበር። የቤትን አካል አስቀድሞ በፋብሪካ የማዘጋጀቱ ሥራ ግን ቀጥሏል፤ ዛሬ በአሜሪካ የብዙ ቤቶች የጣሪያ እንጨት በፋብሪካ ተገጣጥሞ ወደ ግንባታው ቦታ ይጓጓዛል።