ያልተዘጋው መዝገብ

የደብዳቤ መከታተያ ሲስተሙን ዘርግተን በጨረስን በሦስተኛው ወር፣ እንዴት እየሠራ እንደሆነ ለማየት ወደ መዝገብ ቤት ወረድኩ። ሙያዬ ይኸው ነው፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲስተም እተክላለሁ፣ ሲበላሽ እጠግናለሁ።

መዝገብ ቤቱን የያዙት ወይዘሮ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው ናቸው። ደብዳቤ መጣ። ስካን አደረጉት፤ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ጉዳዩን ኮምፒውተሩ ላይ ሞሉ። ከዚያ ጠርዙ ያለቀውን ትልቁን የገቢ መዝገብ ከመሳቢያ አወጡና ያንኑ ቁጥር፣ ያንኑ ቀን፣ ያንኑ ጉዳይ በእስክሪብቶ ጻፉ። ደብዳቤው በክላሴር ሆኖ ፎቅ ወጣ። ኃላፊው ጥጉ ላይ ለሚመለከተው ክፍል መርተው ፈረሙበት። ክላሴሩ ተመልሶ ወረደ፤ የተመራው ደብዳቤ እንደገና ስካን ተደረገ።

«እትዬ፣ መዝገቡ እኮ ቀርቷል» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ያንተ ኮምፒውተር መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ኦዲተር ሲመጣም የሚጠይቀኝ ይሄንን ነው» ብለው መዝገቡን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

እውነታቸውን ነው። አንድ የነበረውን ሥራ ሁለት ያደረግንባቸው እኛ ነን። በሪፖርታችን ግን ፕሮጀክቱ «መቶ በመቶ ተጠናቋል»፦ ይህን ያህል ኮምፒውተር ተገዛ፣ ይህን ያህል ሠራተኛ ሠለጠነ። ባለጉዳዩ ስንት ጊዜ ተመላለሰ ብሎ የሚጠይቅ ቦታ ቅጹ ላይ አልነበረም።

ችግሩ በእኛ አልተጀመረም። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ሮበርት ሶሎው እ.ኤ.አ. በ1987፣ ኮምፒውተር በየቦታው ቢታይም በምርታማነት አኃዝ ውስጥ ግን እንደማይገኝ ጽፈው ነበር። የምጣኔ ሀብት ታሪክ አጥኚው ፖል ዴቪድ ደግሞ በ1990 መልሱን ከኤሌክትሪክ ታሪክ ፈለጉ። የአሜሪካ ፋብሪካዎች በመጀመሪያ የእንፋሎቱን ሞተር ነቅለው የኤሌክትሪክ ሞተር በቦታው ተከሉ፤ ኃይሉን ለማሽኖቹ የሚያደርሰው ዘንጉም ቀበቶውም፣ የማሽኖቹ አቀማመጥም እንደነበረ ቀረ። ትርፉ ጎልቶ የታየው በ1920ዎቹ፣ እያንዳንዱ ማሽን የራሱ ሞተር ኖሮት ፋብሪካው በሥራው ቅደም ተከተል እንደ አዲስ ሲደራጅ ነው። እኛም ሞተሩን ቀየርን እንጂ ቀበቶውን አልነካነውም።

በመንግሥት ሥራ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ዳቦ ገበያ ወጥቶ ዋጋ ያገኛል፤ የመዝገብ ቤት አገልግሎት ግን አይሸጥም። ስለዚህ በብሔራዊ ሒሳብ አያያዝ የመንግሥት አገልግሎት ሲገመት የኖረው በአብዛኛው በወጣበት ወጪ ነው። በዚህ ስሌት ደብዳቤው ሁለቴ ሲመዘገብ፣ ለሁለተኛው ድካም የተከፈለው ደመወዝም እንደ ምርት ይቆጠራል። ብሪታኒያ ይህን ለማስተካከል ያስጠናችው የአትኪንሰን ሪፖርት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው።

ወረቀቱን ለመተው አገራችን ሕግ አልጎደላትም። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 አለ፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አለ። ቢሮ ስትገባ ግን «ሃርድ ኮፒውን ከነማኅተሙ» ትባላለህ። ይህን የሚለው ሠራተኛ ኋላ ቀር ስለሆነ አይመስለኝም። ወረቀቱ ቢጠፋ የሚጠየቀው እሱ ነው፤ ሲስተሙ ቢጠፋ ማን እንደሚጠየቅ የነገረው የለም።

እኛም በመጨረሻ የውስጥ ኦዲትንና የሕግ ክፍልን ይዘን ተቀመጥን። ሲስተሙ ላይ የገባ ደብዳቤ በመዝገብ እንደሰፈረ እንዲቆጠር፣ መረጃው በየቀኑ ሌላ ቦታ እንዲቀመጥ፣ ቢጠፋም ተጠያቂው የእኔ ክፍል እንዲሆን ተስማማን። ለመዝገብ ቤቱ ዩፒኤስ ተገዛ። ለሰርቨሩ ብዙ ገንዘብ ወጥቷል፤ ሥራውን ያቀለለው ግን ይህ ስምምነት የሰፈረበት ባለ አንድ ገጽ ሰርኩላር ነው።

ሰርኩላሩ በወጣ ማግስት እትዬ ትልቁን መዝገብ ከፈቱ፣ ከመጨረሻው ደብዳቤ ሥር በቀይ እስክሪብቶ አሰመሩ፣ ቀን ጻፉና ፈረሙ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ግዢ ሲታቀድ «የትኛውን መዝገብ ይዘጋልናል?» ብዬ ሳልጠይቅ አልፈርምም።

ክላሴሩ ግን አሁንም ፎቅ ይወጣል፣ ይወርዳል። የሚቀጥለው ስብሰባ ከኃላፊው ጋር ነው።